ጸበልና ኪኒን «ጎን ለጎን»፦ ስለ ባይፖላር ሕመም የተካሄዱ ጥናቶች ሂሳዊ ዳሰሳ ከምዕራብ ጎጃም አንጻር

መግቢያ

በአገራችን ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ጸበል የሚደረገው ክርክር ለረጅም ጊዜ በሁለት ጎራ ተከፍሎ ቆይቷል። አንደኛው ወገን ጸበልን ሕሙማን ከሕክምና የሚዘገዩበት፣ አልፎ አልፎም በሰንሰለት የሚታሰሩበት ስፍራ አድርጎ ይመለከተዋል። ሌላው ወገን ኪኒን መውሰድን የእምነት ጉድለት አድርጎ ይቆጥረዋል። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ግን «ሁለቱም ጎን ለጎን ይሂዱ» የሚለው ሦስተኛ አቋም እየጎላ መጥቷል። ይህ አቋም በጥናት የተደገፈ፣ በሃይማኖት አባቶችም አንደበት የተነገረ ስለሆነ ዛሬ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ ብዙም ተቃዋሚ የለውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አቋም መቃወም አይደለም፤ አቋሙ ትክክል ነውና። ይሁን እንጂ ትክክል የሆነ አባባል ሁሉ በቂ የሥራ መመሪያ አይሆንም። ሕመምተኛው ኪኒኑን በስንት ሰዓት ይውጥ? ምን ያህል ጸበል ይጠጣ? ስንት ሌሊት ቆሞ ይደር? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ «ጎን ለጎን» የሚለው ቃል ባይፖላር ሕመም ያለበትን ሰው ለጉዳት ሊያጋልጠው ይችላል። በዚህ ዳሰሳ በጉዳዩ ላይ የተሠሩትን ዋና ዋና ጥናቶች በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር ከሚታየው የሕሙማን ኑሮ ጋር በማነጻጸር ምን እንዳስጨበጡንና ምን እንዳስቀሩብን ለመመርመር እንሞክራለን።

ሕመሙ በገጠሩ መልክ

የባይፖላር ሕመም ዋና ባሕርይ መመላለስ ነው። ሕመምተኛው ለሳምንታት ወይም ለወራት ከልክ ባለፈ ደስታ ወይም ቁጣ፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በንግግር ብዛትና ከአቅም በላይ በሆነ ዕቅድ ይያዛል፤ ይህ ማኒያ ይባላል። በሌላ ጊዜ በድባቴ ይወድቃል። በሁለቱ መካከል ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ተመልሰው ያርሳሉ፣ ይነግዳሉ፣ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ።

በምዕራብ ጎጃም የሠራ የጤና ባለሙያ የሚከተለውን ጉዞ ያውቀዋል፤ የአንድ ሰው ታሪክ ሳይሆን ከብዙዎች የተውጣጣ ነው። አንድ ታታሪ ገበሬ በመኸር ወቅት እንቅልፍ ይርቀዋል። ሌሊት ተነሥቶ ያጭዳል፤ ጎረቤቱም ስለ ትጋቱ ያመሰግነዋል። በሁለተኛው ሳምንት የእርሻ በሬውን ገበያ አውጥቶ በማይረባ ዋጋ ይሸጣል፤ ገንዘቡን ላገኘው ሰው ያድላል፤ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያሠራ ይናገራል። የሚገሥጸው ሲመጣ ይደባደባል። ወንድሞቹ በገመድ አስረው ወደ ጸበል ይወስዱታል። ሁለት ወይም ሦስት ወር ቆይቶ፣ ከስቶና አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቤተ ዘመዱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለቀቀው» ይላል። ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ሕመሙ ያገረሽበታል።

በዚህ ጉዞ ውስጥ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ያልታከመ ማኒያ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ በራሱ ይበርዳል። ስለሆነም ሕመምተኛው ሲሻለው የነበረበት ስፍራ፣ ጸበልም ሆነ ሆስፒታል፣ ከሚገባው በላይ ምስጋና ይቀበላል። ሕመሙ ሲመለስ የተገኘበት ሁኔታ ደግሞ ከሚገባው በላይ ወቀሳ ይደርስበታል። ኪኒን ጀምሮ ሳለ ያገረሸበት ሰው «ኪኒኑ ነው ያባሰበት» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ሁለተኛ፣ አንገትን ደፍቶ መመለስ ሁልጊዜ የጤንነት ምልክት አይደለም። ከማኒያ ቀጥሎ የሚመጣ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ እንደ ትሕትናና እንደ ንስሐ የሚያየው ዝምታ ራስን የማጥፋት ሐሳብ የተሸከመ ሊሆን ስለሚችል ሕመምተኛው ከጸበል በተመለሰባቸው ሳምንታት የጤና ባለሙያው ሊጎበኘው ይገባል።

ከቡታጅራ የተማርነውና ያልተማርነው

በኢትዮጵያ ገጠር ስለ ባይፖላር ሕመም ያለን ዕውቀት በአብዛኛው ከቡታጅራ የመነጨ ነው። ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት በመጠየቅ ያካሄዱት ጥናት፣ በሕይወት ዘመን በባይፖላር አንድ ሕመም የተያዙት 0.5 በመቶ ያህል መሆናቸውን አሳይቷል። ከእነዚህም አብዛኞቹ ከዘመናዊ የጤና ተቋም እርዳታ አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የክትትል ውጤት ደግሞ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ጊዜ ውስጥ ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ ሕመሙ እንዳገረሸባቸው፣ ሲሶ የሚጠጉትም አብዛኛውን የክትትል ጊዜ በሕመም እንዳሳለፉ ገልጧል። ይህ «ሕመሙ መጥቶ ይሄዳል፣ በመካከሉ ሙሉ ጤና አለ» የሚለውን የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል የሚያርም ግኝት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው በአበባው ፈቃዱና በባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ነው። በቡታጅራ ለአሥር ዓመታት ክትትል ከተደረገላቸው 919 ጽኑ የአእምሮ ሕሙማን መካከል 121 ያህሉ ሞተዋል፤ ይህም ከአካባቢው ሕዝብ የሞት መጠን በእጥፍ የሚበልጥ ነው። ሕሙማኑ ሦስት አሥርተ ዓመታት ያህል ቀድመው የሞቱ ሲሆን የሞታቸው ምክንያት በግማሽ ያህሉ ተላላፊ በሽታ ነበር። ራስን ማጥፋት፣ አደጋና ግድያም ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። ስለዚህ ስለ ጸበልና ስለ ኪኒን ስንነጋገር የምንነጋገረው ስለ ሰው ዕድሜ ነው።

በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የምዕራብ ጎጃም ዞን ነዋሪ 2,106,596 ነበር። የቡታጅራው መጠን እዚህም የሚሠራ ቢሆን፣ በዚያ ቆጠራ ብቻ ስናሰላው በዞኑ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ከአራት ሺህ የማያንሱ ሰዎች ሕመሙ አለባቸው ወይም ነበረባቸው ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት ከቡታጅራ በተለየ አካባቢ ነው። ቡታጅራ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተቀላቅሎ የሚኖርበት የጉራጌ ምድር ሲሆን፣ ምዕራብ ጎጃም በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን የሚኖርበት ነው። የሕመምተኛው ሳምንት በረቡዕና በዓርብ ጾም፣ ወሩ በበዓላት፣ ዓመቱ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ የተከፋፈለ ነው።

በጥናቶቹ ውስጥ ጸበል ብዙውን ጊዜ የሚነሣው «ሕመምተኛው ወደ ሕክምና ከመምጣቱ በፊት የት ሄደ?» በሚለው ጥያቄ ሥር ነው። ለምሳሌ በአማኑኤል ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ከ1,044 ሕሙማን መካከል ሲሶ የሚጠጉት በመጀመሪያ ወደ ካህናት ወይም ወደ ጸበል መሄዳቸውን መዝግቧል። ይህ አኃዝ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ጸበልን የመዘግየት ምክንያት ብቻ አድርጎ እንድናየው ይገፋፋናል። ለሕመምተኛው ጸበል ከሕክምና በፊት የታለፈ ጣቢያ ብቻ አይደለም፤ ሕክምና ከጀመረ በኋላም ሆነ በሁለት ሕመሞች መካከል ባለው ጤነኛ ጊዜ ይመላለስበታል። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን «ለምን ዘገየ?» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «በዚያ ሲኖር ምን ይበላል፣ ምን ይጠጣል፣ መቼ ይተኛል?» የሚለውንም ነው።

ሥርዓቱ የሚጠብቀውና የሚያናጋው

በሰከላ ወረዳ የሚገኘው የግሽ ዓባይ ምንጭ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው። ምንጩ በአቡነ ዘርዓ ብሩክ ስም የከበረ ሲሆን፣ ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው ከእስር ሲፈቱ ውሃ ሳይነካቸው እንደተቀበሉ በትውፊት ይነገራል። ከቅርብም ከሩቅም የሚመጣው ምእመን ወደ ምንጩ የሚቀርበው ሳይበላና ሳይጠጣ ነው። በአካባቢው ባሉ ሌሎች ጸበሎችም ሥርዓቱ ተቀራራቢ ነው፤ በማለዳ ተነሥቶ መጠመቅ፣ በባዶ ሆድ ጸበል መጠጣት፣ ሱባኤ መያዝ፣ መስገድ፣ እምነት መቀባት።

የሥነ አእምሮ ሳይንስ ስለዚህ ሥርዓት የሚናገረው ሁለት ዓይነት ነገር አለው። ቶማስ ዌርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባቀረቡት ጽሑፍ ወደ ማኒያ የሚያደርሱ ልዩ ልዩ መንገዶች በአንድ በር፣ ይኸውም በእንቅልፍ ማነስ በር እንደሚያልፉ አመልክተዋል። ኤለን ፍራንክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት 175 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ደግሞ የመነሻን፣ የምግብን፣ የሥራንና የመኝታን ሰዓት ቋሚ የማድረግ የምክር ሕክምና በሕመሙ ወቅት የጀመሩ ሰዎች ቀጣዩ ሕመም ዘግይቶ እንደሚመጣባቸው አሳይተዋል።

እነዚህን ሁለት ጥናቶች ይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ብንሄድ ሁለቱንም እዚያ እናገኛቸዋለን። በየማለዳው በአንድ ሰዓት የሚደረስ የኪዳን ጸሎት፣ የታወቀ የመብል ሰዓት፣ ሰንበቴና ማኅበር፣ በየጊዜው የሚጎበኝ የንስሐ አባት፣ ይህ ሁሉ የምዕራቡ ዓለም ባለሙያዎች በምክር ሕክምና ሊተክሉት የሚደክሙለት የኑሮ ሥርዓት ነው። በሌላ በኩል ማኅሌት ቆሞ ማደር፣ በሱባኤ ጥቂት ሰዓት ብቻ መተኛት፣ ሌሊት መቶና ሁለት መቶ ጊዜ መስገድ በጤነኛ ሰው ላይ ጉዳት ባያስከትልም ባይፖላር ሕመም ላለበት ሰው የሕመሙን በር ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ «ሃይማኖታዊ ሕይወት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» የሚለው ጥያቄ መልስ የማይገኝለት በጥቅሉ ስለተጠየቀ ነው። ያው ሰው በቅዳሴው ሊጠበቅ፣ በማኅሌቱ ሊታመም ይችላል።

ስለ ጾምም እንዲሁ ነው። በካዛብላንካ ካድሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት በረመዳን ከጾሙ ሃያ የባይፖላር ሕሙማን መካከል ዘጠኙ አገርሽቶባቸዋል። በፔሻዋር እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ 62 ሕሙማንን የያዘ ጥናት ግን በሊቲየም መጠን ላይ ጉልህ ለውጥ አላገኘም። በሞሮኮውም ጥናት ቢሆን የተጠረጠረው የመድኃኒቱ መጠን ሳይሆን የእንቅልፍና የኑሮ ሥርዓት መለወጥ ነው። ከእነዚህ የምንማረው የጾምን ሃይማኖታዊ ስም ሳይሆን ሰዓቱንና እንቅልፉን መመርመር እንዳለብን ነው። የእኛ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ፣ ሌሊት የማይበላበትና ዐቢይ ጾምን ብንወስድ ለ55 ቀናት የሚዘልቅ በመሆኑ የረመዳንን ውጤት እንዳለ ልንወስደው አንችልም።

ሁለት ንባብ ያላቸው ምልክቶች

በጥናቶቹ ውስጥ በቂ ትኩረት ያላገኘው፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ ግን ከሁሉ የሚያሳስበው ጉዳይ የመድኃኒት ጉዳት በጸበል ስፍራ የሚነበብበት መንገድ ነው። ሦስት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ሃሎፔሪዶል ነው። አንድ ወጣት በማኒያ ታውኮ ወደ ጤና ተቋም ይመጣና መርፌ ተወግቶ ይመለሳል። ከሰዓታት ወይም ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ አንገቱ ወደ ጎን ይጠመዘዛል፣ ዓይኖቹ ወደ ላይ ይሰቀላሉ፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ለሐኪም ይህ በወጣት ወንዶች ላይ የሚበዛ፣ በፕሮሜታዚን መርፌ ወይም በትራይሄክሲፊኒዲል በአጭር ጊዜ የሚፈታ የጡንቻ መኮማተር ነው። ቤተሰቡ ግን በጸበል ስፍራ ይህንኑ መልክ አይቶታል፤ መንፈሱ ሲገለጥ ፊት እንዲህ ይጠመዘዛል። «መርፌው መንፈሱን አስቆጣው» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። መድኃኒቱን ስንሰጥ ይህ ሊደርስ እንደሚችል አስቀድመን ካልነገርነው መልሱን ከሌላ ቦታ ያገኛል።

ሁለተኛው ካርባማዜፒን ነው። ይህ መድኃኒት በደም ውስጥ ያለውን የሶዲየም መጠን ሊቀንስ ይችላል። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው በባዶ ሆዱ ብዙ ጣሳ ጸበል በአንድ ጊዜ ሲጠጣ መጠኑ ይበልጥ ሊወርድ፣ ራስ ምታት፣ ትውከትና መቀባዠር ሊከተል፣ ሲብስም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። አጥማቂው ይህን የሚያነበው ክፉ መንፈስ ሲለቅ ነው፤ ሕመምተኛውም ይበልጥ እንዲጠጣ ይደረጋል።

ሦስተኛው ሊቲየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በጆን ኬድ ከተዋወቀ ወዲህ ለባይፖላር ሕመም ጽኑ ማስረጃ ያለው መድኃኒት ቢሆንም፣ በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። በደም ውስጥ በአንድ ሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ይፈለጋል፤ ከ1.5 ሲያልፍ የመመረዝ ምልክት ይጀምራል። ትውከትና ተቅማጥ ውሃና ጨው ሲያስወጡ የሊቲየም መጠን ይጨምራል። በብዙ ጸበሎች ደግሞ ማስታወክና መቀመጥ የመንጻት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ አረማመዱ የሚንገዳገድ፣ የሚቀባዥር ጸበልተኛ በሊቲየም ተመርዞ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቅ በአቅራቢያው ከሌለ ምልክቱ እንደ መልካም ዜና ይቆጠራል።

በእነዚህ ሦስት ምሳሌዎች ጸበሉም ሆነ መድኃኒቱ ለብቻው ጥፋተኛ አይደለም። ጉዳቱ የሚፈጠረው ሁለቱ ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ሲሄዱ ነው።

ውሃና መታሰር በሌላ አገር፦ የጃፓን ትምህርት

ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ አይደለም። በጃፓን በሺንቶ እምነት ሚሶጊ የሚባል በውሃ የመንጻት ሥርዓት አለ፤ በፏፏቴ ሥር ቆሞ መጸለይም በሺንቶና በቡድሃ ቅዱሳት ስፍራዎች የቆየ ልማድ ሲሆን የአእምሮ ሕሙማንም ይወሰዱበት ነበር። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1900 የወጣ ሕግ ቤተሰብ ሕመምተኛውን በቤቱ ክፍል ውስጥ ቆልፎ እንዲያኖር ይፈቅድ ነበር። የቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኩሬ ሹዞ ረዳቶቹን ከ1910 እስከ 1916 ወደ ገጠር ልኮ የሕሙማኑን አያያዝ አስጠና። በ1918 ከካሺዳ ጎሮ ጋር ያሳተመው ዘገባ የሕሙማኑን ማረፊያ ክፍሎች በፎቶግራፍና በንድፍ ያሳያል፤ በቅዱሳት ስፍራዎች የሚደረገውን የፏፏቴ ሕክምናም ይገልጻል። በቤት ቆልፎ ማኖር በሕግ የተሻረው በ1950 ነው።

ከኩሬ የምንማረው የአጠናን መንገዱን ነው። በሕሙማን ላይ የሚደረገውን ከማውገዙ በፊት በዓይን አስጠናው፤ ክፍሉ ምን ይመስላል፣ ሰውየው እንዴት ይያዛል፣ ፏፏቴው ሥር ምን ይደረግለታል ብሎ ጠየቀ። በአገራችን ገጠር ሕሙማንን ማሰር ዛሬም አለ። በሶዶ አካባቢ ሎራ አሸርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት ቤተሰብ የሚያስረው በአብዛኛው ከጭካኔ ሳይሆን ሌላ አማራጭ በማጣትና ሕመምተኛውን ከጉዳት ለመጠበቅ መሆኑን በቤተሰቦቹ አንደበት አስረድቷል። ለምዕራብ ጎጃምም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ቀርቦ የሚያይ ጥናት ነው።

የትብብር ጥናቶች የት ደረሱ?

በአፍሪካ ሕክምናንና እምነትን ያቀናጁ ሁለት ታላላቅ ጥናቶች አሉ። የመጀመሪያው በጋና በአንድ የጸሎት ካምፕ አንጄላ ኦፎሪ-አታና ባልደረቦቿ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ነው። 139 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ከጸሎቱ በተጨማሪ መድኃኒት ተሰጣቸው። ከስድስት ሳምንት በኋላ መድኃኒት ያገኙት በሕመም ምልክት ተሽሏቸዋል፤ በሰንሰለት የታሰሩባቸው ቀናት ግን አልቀነሱም። ይህ ውጤት ሊታሰብበት ይገባል። የሕመም ምልክት መቀነስ በራሱ ሰንሰለት አይፈታም፤ ሰንሰለቱ የራሱ ምክንያትና የራሱ ባለቤት አለው።

ሁለተኛው ኦዬ ጉሬጄና ባልደረቦቹ በጋናና በናይጄሪያ በ307 የሳይኮሲስ ሕሙማን ላይ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ነው። በዚህ ጥናት የጤና ባለሙያዎች ወደ ባህላዊና ሃይማኖታዊ ፈዋሾች ስፍራ እየሄዱ አብረው ሠርተዋል፤ ከስድስት ወር በኋላም ትብብሩ የተሻለ ውጤት አስገኝቷል። በአገራችንም ዮናስ ባህረ ጥበብ፣ ዳዊት ወንድምአገኝና ሳሙኤል ሎው በአዲስ አበባ በጸበል ስፍራ የተጀመረውን የሥነ አእምሮ ሕክምናና የሃይማኖት አባቶች ትብብር በ2021 እ.ኤ.አ. ገልጸዋል።

ጥናቶቹ የሚያስመሰግኑ ናቸው። ሆኖም ባይፖላር ሕመምን በተመለከተ ሁለት ክፍተት አላቸው። አንደኛ፣ በጋናና በናይጄሪያ ያሉት ሕሙማንን «ሳይኮሲስ» ወይም «ጽኑ የአእምሮ ሕመም» በሚል በአንድ ላይ ያያሉ፤ መለኪያቸውም ለስኪዞፍሬንያና ለመሰል ሕመሞች የተዘጋጀ ነው። ሁለተኛ፣ ስድስት ሳምንትና ስድስት ወር በራሱ ሊበርድ ለሚችል ሕመም አጭር ጊዜ ነው። ንጽጽር ያላቸው ጥናቶች በመሆናቸው የመድኃኒቱን ጥቅም አሳይተዋል፤ ለባይፖላር ሕመምተኛ ወሳኙ ጥያቄ ግን በሦስተኛው ዓመት ሳያገረሽበት ቀረ ወይ የሚለው ነው።

በሌላ በኩል ሥራው በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሠራ እንደሚችል የሚያረጋግጥ የራሳችን ማስረጃ አለ። ቻርሎት ሃንሎንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተሙት ጥናት ሥልጠና ያገኙ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚሰጡት ክትትል በሥነ አእምሮ ነርሶች ከሚሰጠው የሆስፒታል ክትትል እንደማያንስ አሳይቷል። ስለዚህ «ሥራው የስፔሻሊስት ነው» የሚለው ምክንያት አያዋጣም።

«ጎን ለጎን» ምን ማለት ይሁን?

በ1999 ዓ.ም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው ይታወሳል። ያ ቃል ብዙዎችን ከሞት አድኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም ከዚያ ቃል ወደ ባይፖላር ሕመም ስንሻገር የሚለወጥ ነገር አለ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሌሊቱን ቆሞ ቢያድር ቫይረሱ አይበዛበትም። ባይፖላር ሕመም ያለበት ሰው ግን እንቅልፉ፣ የሚጠጣው ውሃና የሚበላበት ሰዓት ራሳቸው የሕክምናው አካል ናቸው። ስለዚህ ለእርሱ «ጎን ለጎን» የሚለው ቃል በዝርዝር መተርጎም አለበት። በጸሐፊው እምነት ትርጉሙ ቢያንስ የሚከተሉትን ሊይዝ ይገባል።

1. የመድኃኒቱ ሰዓት ከጾሙ ጋር ይስማማ። ሕመምተኛው ጠዋት ኪኒን መዋጥ ጾም ያፈርሳል ብሎ ካመነ ጠዋት የታዘዘው መድኃኒት አይወሰድም። ሊቲየም ከምሽት ምግብ በኋላ በአንድ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ሌሎቹንም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ ማመቻቸት ይቻላል።

2. እንቅልፍ በግልጽ ይታዘዝ። «ደህና ተኛ» ከማለት ይልቅ «ማኅሌቱን ትተህ ለኪዳንና ለቅዳሴ ሂድ» ማለት ይሻላል። ይህን ለማለት ሥልጣን ያለው የንስሐ አባቱ ስለሆነ፣ በሕመምተኛው ፈቃድ እርሳቸውን ማነጋገር የሕክምናው አካል ነው። ለሕመምተኛ ከጾምና ከስግደት ዕረፍት መስጠት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የታወቀ ነው።

3. ጸበሉ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ። ለመጠመቅና ለመባረክ ብዙ ጣሳ መጠጣት ግድ እንዳልሆነ አጥማቂው ቢናገር ከሐኪም ቃል ይበልጥ ይሰማል። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ትውከት ወይም ተቅማጥ ከያዘው መድኃኒቱን አቁሞ ዕለቱን ወደ ጤና ተቋም እንዲመጣ ይነገረው። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድም የደም ግፊቱ ሊወርድ፣ ሰውነቱም ቅዝቃዜን የመቋቋም አቅሙ ሊቀንስ ስለሚችል በደጋው ማለዳ ለረጅም ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ሥር እንዳይቆይ ይመከር።

4. ቤተሰቡና የንስሐ አባቱ የማገርሸት ምልክቶችን ይወቁ። ድንገት የበዛ ጸሎት፣ ያልታሰበ ስእለት፣ ንብረት ማደልና ሌሊት መንገድ መሄድ ከመንፈሳዊ ትጋት ሊለዩ የሚችሉት ሰውየውን በሚያውቅ ሰው ዓይን ነው። ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው ሳይታሰር ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣ ገመዱ ላያስፈልግ ይችላል።

5. ለሴቶች የተለየ ጥንቃቄ ይደረግ። ቫልፕሮኤት በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያስከትል ልጅ መውለድ ለሚችሉ ሴቶች ሊሰጥ አይገባም። ካርባማዜፒንም የወሊድ መከላከያ ኪኒንና በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ ኃይል ይቀንሳል፤ በፅንስም ላይ የራሱ ጉዳት አለው። በጤና ኬላ መከላከያ የተቀበረላት ሴት በሌላ ተቋም ካርባማዜፒን ሲታዘዝላት ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለዚህ ቅርብ ናት።

6. በድባቴ የመጣ ሰው ከዚህ ቀደም ማኒያ ነበረበት ወይ ተብሎ ይጠየቅ። አሚትሪፕቲሊን ብቻውን ቢሰጠው ወደ ማኒያ ሊወስደው ይችላል። «ጸበል ገብተህ ታውቃለህ? ለምን ገባህ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሌላው ጥያቄ ያላወጣውን ታሪክ ያወጣል።

ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የአማራን ክልል ያናወጠው ግጭት ይህን ሁሉ ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት ይቋረጣል፤ በተለይ ሊቲየምን በድንገት ማቋረጥ ማኒያን የሚጋብዝ ነው። የደም ምርመራ በማይገኝበትና መንገዱ በማያስተማምንበት ስፍራ ሊቲየም መጀመር አለመጀመርም በጥንቃቄ ሊታሰብ ይገባል። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ጸበሉና አጥማቂው በአካባቢው ይኖራሉ። አስቀድሞ የተነጋገረ የጤና ባለሙያና አጥማቂ ካሉ በዚያን ጊዜ ሕመምተኛውን የሚያይለት ሰው አለ ማለት ነው።

ማጠቃለያ

እስካሁን የተሠሩት ጥናቶች ሕመሙ በገጠራችን መኖሩን፣ ዕድሜ የሚያሳጥር መሆኑን፣ በጤና ጣቢያ ሊታከም መቻሉንና ከእምነት ስፍራዎች ጋር መተባበር እንደሚቻል አረጋግጠውልናል። ያልነገሩን ሕመምተኛው በጸበል ስፍራ የሚያሳልፈው ቀንና ሌሊት ከሚወስደው መድኃኒት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ነው። ይህን ለማጥናት ታላቅ ገንዘብ አያስፈልግም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሆስፒታሎች፣ በዙሪያቸው ባሉ ጤና ጣቢያዎችም የሚሠሩ ባልደረቦች በእያንዳንዱ የባይፖላር ሕመምተኛ ካርድ ላይ አራት ነገሮችን ቢመዘግቡ፣ ይኸውም የሚጾምበትን ሰዓት፣ የሚተኛበትን ሰዓት፣ ወደ ጸበል የሚሄድበትን ጊዜና የሚጠጣውን መጠን፣ ታስሮ ማወቅ አለማወቁን፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ለአገሪቱ የሚጠቅም መረጃ ይሰበሰባል። ጥናቱ እስኪመጣ ድረስም መዝጋቢው ራሱ በእነዚያ አራት መልሶች መድኃኒቱን ያስተካክላል፤ ሕመምተኛውም ከእምነቱና ከሕክምናው አንዱን እንዲመርጥ ሳይገደድ ሁለቱን ይዞ መኖር ይችላል።